የአጋዥ መሣሪያ ምዘናን የት እናድርግ? ለአዳማ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

"ታብሌት ይሻላል ወይስ ስልክ?" "የትኛው ዊልቸር ነው ጥሩ?" "ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ፤ ምን እናስመጣለት?"

መናገር የሚቸግረው ወይም እጅ እግሩ እንደ ልቡ የማይታዘዝለት ሰው ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ቤተሰብ እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዕቃ ይታያል፣ ይጨበጣል። ምዘና ግን ወረቀትና ወሬ ይመስላል። የሆነው ሆኖ ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው ምዘናው ሲዘለል ነው። ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የለበሰ ዊልቸር፣ ካርቱን ማያ ሆኖ የቀረ ታብሌት በየሰፈሩ አለ። ዕቃው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለዚያ ሰው አልተመረጠም፣ በቃ።

ምዘና ማለት ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚችል፣ የት እንደሚውልና አብሮት ማን እንዳለ ማየት ነው። ከዚያ አስሞክሮ የሚስማማውን መለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በአንዳንድ አገሮች መሣሪያውን የሚያገኙት ግን ከሚያስፈልጋቸው 3 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ብርቅ ሲሆን ሰው የተሰጠውን ይቀበላል። ለዚህ ነው የት መመዘን እንደሚሻል ማወቅ የሚጠቅመው።

የእኔን ምክር ከፊት ላስቀምጥ። ለመቀመጫና ለመንቀሳቀሻ ሰውየው ራሱ ባለሙያ ፊት ይቅረብ፤ በስልክ አይሆንም። ለመግባቢያ ግን ቤት ውስጥ ጀምሩ፤ ባለሙያውን በቪዲዮ ብታገኙትም ይሠራል። ሁለቱም የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ መቀመጫው ይቅደም።

ለምን መቀመጫው ይቅደም?

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት ሰውነትን ማዘዝና ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለበትን ልጅ አስቡት። ወገቡ ካልተደገፈ ጉልበቱ ሁሉ የሚያልቀው ላለመውደቅ ነው። እጁ ወንበሩን ይጨብጣል፣ አንገቱ ይዘነበላል። በዚህ ሁኔታ ታብሌት ፊቱ ብታስቀምጡ "እጁ አይሠራም፣ አያይም፣ ትኩረት የለውም" ተብሎ ይጻፍበታል። ዳሌው ቀጥ ብሎ፣ እግሩ ማረፊያ አግኝቶ፣ ጎንና ጎኑ ተደግፎ ሲቀመጥ ግን ያው እጅ ነፃ ይወጣል። ያው ዓይን ሥዕሉን ይከተላል። ሳይደገፍ የተመዘነ ልጅ በማይችለው ነገር ሳይሆን በወንበሩ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ለመግባቢያ ምዘና ሄዳችሁ ባለሙያው አቀማመጡን ሳያይ በቀጥታ ስክሪን ካወጣ፣ "ዶክተር፣ መጀመሪያ አቀማመጡን ያስተካክሉልን" ማለት መብታችሁ ነው። የዓይንና የጆሮ ምርመራም እንዲሁ ቀድሞ ይለቅ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የማየት ወይም የመስማት ችግርም አለባቸው። ሥዕሉ የማይታየው ልጅ ሥዕሉን አልመረጠም ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም።

አሰላ፣ አዲስ አበባ፣ ቤት ወይስ ቪዲዮ?

አዳማ ለሚኖር ሰው ለዊልቸር፣ ለሰው ሠራሽ እግርና ለድጋፍ ብረት ቅርቡ አሰላ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ነው። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል ጥቅሙ መለኪያው፣ ዕቃውና የሚያስተካክለው እጅ አንድ ቦታ መገኘታቸው ነው። የተለካው እዚያው ይሞከራል፣ ካልሆነ እዚያው ይቆረጣል፣ ይጠብቃል። ቅርብ ያለ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ካለው መጀመሪያ እዚያ ታይቶ፣ የሪፈራል ወረቀት ይዞ መሄድ ይሻላል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። የትኛው ዊልቸር በእጃቸው እንዳለና በስንት ቁጥር እንደሚገኝ ጠይቁ።

የዊልቸር ምዘና ጥሩ መሆኑን በዓይናችሁ መለየት ትችላላችሁ። ባለሙያው ሜትር አውጥቶ የዳሌውን ስፋት ይለካል። ከዳሌው ኋላ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ ያለውን ለክቶ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይቀንስለታል፤ ካልቀነሰ የመቀመጫው ጫፍ ጉልበቱን ከኋላ ይገፋዋል፣ ሰውየውም ቁልቁል ይንሸራተታል። ለእግር ማረፊያ የባቱን ርዝመት ይለካል፤ ለመደገፊያው ደግሞ ጀርባውን።

ወንበሩ ላይ ካስቀመጠው በኋላ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ አይዘለል። ባለሙያው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ከመቀመጫ አጥንቱ ስር ያስገባል። የጣቶቹን ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ማድረግ ከቻለ ጫናው ደህና ነው። ጣቶቹ አልንቀሳቀስ ብለው እጁን ስቦ ማውጣት ብቻ ከቻለ ያሰጋል። እጁ ተጨፍልቆ ለማውጣት ካስቸገረ ሰውየው በዚያ ትራስ ላይ አይቀመጥም። የአከርካሪ ጉዳት ደርሶበት ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ቁስል ሲጀምረው አያውቅም። ቁስሉ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ፣ ሕይወትም ሊቀጥፍ ይችላል። የዚያች እጅ ሥራ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

አዲስ አበባ የሚያዋጣው ነገሩ ሲወሳሰብ ነው። የንግግር ቴራፒስት ቁጥሩ በአገራችን ገና ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት እዚያው ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጅ የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ መናገሻ ላይ ደግሞ የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት የቼሻየር ማዕከል አለ። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል።

ግን በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ለምዘና ጥሩ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ፣ መኪና ላይ ተንገላቶ፣ ወረፋ ጠብቆ የገባ ሰው የሚያሳየው ከአቅሙ ዝቅ ያለውን ነው። ዘመድ ካላችሁ ከዋዜማው ሂዱና አሳድሩት። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጠዋት ይግባ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ተናገሩ፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ ካመጣበት ባለሙያው የሚያየው እንቅልፉን ነው።

ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ከተገኘ እኔ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ማዕከል ውስጥ ወለሉ ለስላሳ ነው፣ በሩ ሰፊ ነው። ቤት ግን የግቢው በር ደፍ አለው፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ አልጋው ከፍ ያለ ነው። ከበራችሁ ውጭ ኮብልስቶን ነው ወይስ አሸዋ? ባጃጅ ነው የምትጠቀሙት? የሚታጠፍ ባለ አራት ጎማ ዊልቸር ባጃጅ ላይ ይጫናል፣ ቤት ውስጥም ይዞራል፤ ፊት ያሉት ትናንሽ ጎማዎቹ ግን አሸዋና ጉድጓድ ላይ ይሰጥማሉ። ረጅሙ ባለ ሦስት ጎማ ደግሞ ሸካራ መንገድ ላይ ወደ ፊት አይደፋም፣ ቤት ውስጥ ግን ቦታ ይፈጃል። ሥራው ውጭ ለሆነ ሰው ባለ ሦስት ጎማውን፣ ውሎው ቤትና ትምህርት ቤት ለሆነ የሚታጠፈውን እመርጣለሁ። በነፋስ የሚነፋ ጎማ ካለው ብስክሌት ጠጋኝ ይሠራዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ቪዲዮ ለመግባቢያ ምዘና ከሚታሰበው በላይ ይሠራል። ባለሙያው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሊሆን ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችንና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን በራስ ለመሥራት የሚያግዝ ሙያ) ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከቀጠሮው በፊት አጫጭር ቪዲዮዎች ቅረጹና በቴሌግራም ላኩ። ሲበላ፣ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ የማይፈልገው ነገር ሲቀርብለት፣ የሚወደው ሰው ከበር ሲገባ። ከፊትም ከጎንም ይነሳ፣ ብርሃን ከፊቱ ይሁን። "በል እስቲ አሳያቸው!" እያላችሁ አታባብሉት፤ በራሱ የሚያደርገው ነው የሚፈለገው። ደግሞም ፈቃዱን ጠይቁ። ልጅም ቢሆን፣ መናገር ባይችልም፣ ምስሉ የእሱ ነው።

የዕደላ ቀን ላይ የሚሰጥ ዊልቸር ምዘና አይደለም። ነፃ ስለሆነ ብቻ ግን "አትውሰዱ" አልልም። ሰውነቱ የሚሰማው፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቀመጥ አዛውንት ይጠቀምበታል። ከወገቡ በታች ለማይሰማው ሰውና ወገቡን መያዝ ለማይችል ልጅ ግን ሳይለካ አይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት 8 ደረጃ አለው። ከሪፈራል ይጀምራል፣ ወደ ምዘናና ትእዛዝ ያልፋል፣ ልክ ማስተካከልና ተጠቃሚውን ማሠልጠን ይከተላሉ፣ በክትትልና በጥገና ያበቃል። ዕደላው ብዙዎቹን ይዘላቸዋል። ሻጭ ሱቅ ውስጥ የሚሰጠው ምክርም ያው ነው፤ በእጁ ካለው ውጭ ሊመክራችሁ አይችልም።

መግባቢያ፦ ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ዓይን የሚከተል መሣሪያ?

መጀመሪያ አንድ ፍርሃት ላንሳ። "ሥዕል ካስለመድነው መናገር ይተዋል" የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ አንዳንድ አስተማሪም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘባቸውን 27 ሰዎች አይቶ ነበር። ሥዕልና ምልክት መጠቀም ከጀመሩ በኋላ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አልተገኘም። 89 በመቶዎቹ ንግግራቸው ጨምሯል። ስለዚህ "መጀመሪያ ይናገር፣ ካልሆነ እናያለን" ብላችሁ ዓመት አታሳልፉ። "ገና ትንሽ ነው" የሚለውም አያስኬድም። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልግ መግቢያ ፈተና የለም።

ወረቀት፣ ማለትም ሥዕል ወይም ፊደል ያለበት ሰሌዳ፣ ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። እኔ ግን ሁሉም ሰው ከወረቀት ይጀምር እላለሁ፤ ባለ ውድ መሣሪያውም ጭምር። መብራት ሲጠፋ ይሠራል። የአዳማ ፀሐይ ስክሪኑን ሲያጠፋው ወረቀቱ ይነበባል። ላሚኔት ከተደረገ አቧራውም አይጎዳው። ከሁሉ በላይ፣ በሰሌዳው ላይ የትኛው ሥዕል እንደሚጠቀምበትና በስንት ሥዕል እንደሚደናገር ስለሚታይ፣ በኋላ ለሚገዛው ነገር መልሱ እዚያ ይገኛል።

ማንበብ ለሚችልና አእምሮው ደህና ሆኖ አፉ ብቻ ላልታዘዘለት ሰው የፊደል ሰሌዳ ይሠራል። ችግሩ ፊደላችን ብዙ ነው፤ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ለዓይንም ለእጅም ይከብዳል። መፍትሔው በሁለት እርምጃ መሄድ ነው። ድምፃቸው የሚደገመውን ሐን፣ ሠን፣ ኀን፣ ዐን እና ፀን አስወጡ። 28 ይቀራሉ። በ4 መስመር ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ጻፏቸው፤ ከስር ከ1 እስከ 7 ቁጥር አድርጉ።

አባት "ውሃ" ማለት ፈለጉ እንበል። እጃቸው አይነሳም፤ "አዎ" ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ልጃቸው ትጠይቃለች፦ "አባዬ፣ አንደኛው መስመር? ሁለተኛው? ሦስተኛው?" ዓይናቸው ይነሳል። ሦስተኛው መስመር "ኸ ወ ዘ ዠ የ ደ ጀ" ነው። "ኸ? ወ?" ዓይናቸው እንደገና ይነሳል። ቀጥሎ ሁለተኛው ፊደል፦ "አንደኛው መስመር?" ይነሳል። "ሀ?" ይነሳል። ወ እና ሀ ከተገኙ ቁጥሩን መጠየቅ ላያስፈልግ ይችላል። "ውሃ ነው አባዬ?" ትላለች። የሚያደናግር ቃል ሲሆን ብቻ ቁጥሩ ይጠየቃል። መጀመሪያ ቀን ያታክታል። ሲለመድ ልጅቷ ሰሌዳውን ሳታይ በቃሏ ትጠራዋለች።

ይህ ሰሌዳ ግን ለሁሉም አይሆንም። ስትሮክ አንዳንዱን ሰው አፉን ብቻ ያስረዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ቋንቋውን ራሱን ይጎዳዋል። ቋንቋው የተጎዳው ሰው ፊደል መገጣጠምም ይሳነዋል። ለእሱ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሰፈር ቦታዎች፣ የቀን መቁጠሪያ፣ በሁለት ምርጫ የሚቀርብ ጥያቄ ይሻለዋል። ምዘናው ይህንን መለየት አለበት። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልነገሯችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ወደ ስልክና ታብሌት ስንመጣ፣ ሲቦርድ እና አስቴሪክስ ግሪድ የሚባሉት የመግባቢያ መተግበሪያዎች ነፃ ናቸው። ሥዕል ትጨምራላችሁ፣ ስሙን በአማርኛ ትጽፋላችሁ፣ ድምፅ ትቀዳላችሁ። በውጭ አገር ስሙ የገነነው ፕሮሎኮ ቱ ጎ የሚባል መተግበሪያ በአፕል ዕቃ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ውድ ነው፣ የአማርኛ ድምፅም የለውም። ዘመድ ከውጭ "ይህን ጭኜ ልምጣ" ቢላችሁ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው።

ድምፁን በተመለከተ፣ ጽሑፍ የሚያነቡ የአማርኛ ድምፆች አሉ። መቅደስና አምሃ የሚባሉትን የማይክሮሶፍት ድምፆች ጆሮ ይቀበላቸዋል፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት አማርኛም አፋን ኦሮሞም ያነባል፣ ነፃ ነው፣ ድምፁ ግን የሮቦት ነው። ለልጅ ግን የሰው ድምፅ ይቀዳ እላለሁ። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ በእናቱ ድምፅ "ኳስ እንጫወት" ሲል ጓደኞቹ ይስቃሉ። የአጎቱ ልጅ ይቅዳለት። አዳማ ላይ ደግሞ ሰሌዳው በሁለት ቋንቋ ይሁን። አያቱን በአፋን ኦሮሞ፣ የሰፈር ልጆችን በአማርኛ ማናገር ያለበት ልጅ አንዱን ምረጥ ሊባል አይገባም። መዛኙ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ከሆነ ሌላውን የሚያውቅ የቤት ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

እጁ ስክሪን መንካት ለማይችል ሰው፣ ብዙ ሺህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ፈትሹ። አንድሮይድ ስልክ ስዊች አክሰስ በሚባለው የስልኩ አገልግሎት በኩል በአንድ ቁልፍ ብቻ ይታዘዛል። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ደግሞ በካሜራው ፈገግታን፣ ቅንድብ ማንሳትን፣ አፍ መክፈትን እንደ ቁልፍ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአይፎን ሥርዓት፣ አይኦኤስ 18፣ ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ላይ በዓይን ማዘዝን ይፈቅዳል። ለዚሁ ተብለው የተሠሩት ዓይን ተከታይ መሣሪያዎች የተሻለ ይከተላሉ፤ ዋጋቸው ግን በሺዎች ዶላር ነው፣ ውጭ ፀሐይ ላይም ይቸገራሉ። ከአንገት በታች ምንም ለማይንቀሳቀስ፣ ብዙ የሚጽፍ፣ ሥራ ያለው ሰው ይገባዋል። ሳይሞክር ግን አይገዛ።

የመዛኙን ሥራ በምን እንለካ?

የመጀመሪያው ምልክት የሚያየው ማንን እንደሆነ ነው። ልጁ ፊቱ ተቀምጦ "ስሙ ማን ነው? ይሰማል?" ብሎ እናቱን ብቻ የሚጠይቅ ባለሙያ አለ። ጥሩው ዝቅ ብሎ ልጁን ሰላም ይላል፣ ይጠብቃል፣ መልስ እስኪመጣ ዝም ይላል። ትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ "እርስዎ" ብሎ ራሱን ሰውየውን ያናግራል። መናገር ያቃታቸው ጋሼ ሕፃን አልሆኑም።

ሁለተኛው ያስሞክራል ወይ የሚለው ነው። ከአንድ በላይ አማራጭ ያላሳየ ምዘና አላለቀም። ከተቻለ ለጥቂት ሳምንት ቤት ይሰጡት። ሙከራው የሚታየው ቡና ሲፈላ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ወሬው ሲፈጥን እሱም መግባት ይችላል? ሰሌዳው ላይ "ውሃ"፣ "ሽንት ቤት"፣ "አመመኝ" ብቻ ካለ አይችልም። "ውሸት ነው!"፣ "ከዚያስ?"፣ "ተዉኝ"፣ የሚደግፈው ቡድን ስም፣ የሚወደው ቀልድ ይግቡበት። ሰው የሚኖረው ለመጠጣትና ለመታከም ብቻ አይደለም፤ ይህን የማይጠይቅ መዛኝ ግማሹን ሰው ሳያይ ነው የሚመዝነው።

ሲጨርስ ወረቀት ስጡን በሉት። ልኩ፣ የተሞከረው ሁሉ፣ ያልሠራውና ለምን እንዳልሠራ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጻፍበት። ይህ ወረቀት ለትምህርት ቤት፣ ለዕድርም ለረጂም ይቀርባል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጋዥ መሣሪያ ማግኘትን ስለሚጨምር ወረቀቱን ይዛችሁ ስትጠይቁ ልመና አይደለም።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ የሚቀጥለውን ልኬት ቀን ከአሁኑ አስይዙ። ጫማው ሲጠበው ወንበሩም ጠቦታል ማለት ነው። በሽታው እየባሰ የሚሄድ ሰው ከሆነ ደግሞ እጁ እየሠራ ሳለ ቀጣዩን መንገድ ይለማመድ፤ ድምፁም ሳይጠፋ ስልክ ላይ ይቀዳ። የልጆቹን ስም፣ ሰላምታውን፣ ምርቃቱን ዛሬውኑ ቅዱለት፤ ለዚህ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም።